በነቀምቴ የመረጥኩት አልጋ

ከአዲስ አበባ የመጡ የቲያትር ተጫዋቾች በነቀምቴ አዳራሽ እንደሚያሳዩ ከሰማች ጀምሮ ልጄ ቀለሟ ስትለምነን ሰነበተች። በመጨረሻ ባሌ ሞረዳ ቡና በሚጭን መኪና ላይ ቦታ ጠይቆ ከአርጆ ይዞን መጣ። መኪናው የሚመለሰው በማግስቱ ስለሆነ ማደሪያ ያስፈልገን ነበር። ከቀለሟ በፊት የወለድኳቸው አላደጉልኝም፤ ያለችኝ እርሷ ብቻ ናት። ስለዚህ አልጋውን እኔ እመርጣለሁ አልኩ።

ሞረዳ የወደደው ገበያው አጠገብ ያለውን ሆቴል ነበር። እኔ ግን ገና ከበሩ የሰካራም ጩኸት ስሰማ ልጄን በነጠላዬ ሸፍኜ ወጣሁ።

«እዚህ እኮ ሥጋው ጥሩ ነው» አለ።

«ሥጋውን ብላ፤ ልጄ ግን እዚህ አታድርም።»

ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባሕር ዛፍ የከበበው ባለ ቆርቆሮ ቤት አገኘን። በሩ ላይ የተጻፈውን ፊደል በፊደል አነበብኩት፦ «ንጹሕ አልጋ አለ»። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ጽሑፍ አንብቤ አንድ ነገር ስወስን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቷ ወይዘሮ ማዘንጊያ፣ ከጎጃም የመጡ ደርባባ ሴት፣ ቁልፉን ሰጡን።

«ዳር ያለው ክፍል ነው። ጸጥ ያለ ነው፤ እንቅልፍ ትጠግባላችሁ።»

በሩ ጋ ስደርስ እንደ አገራችን ወግ ቆም ብዬ «ወረ ከና!» አልኩ። የቤቱን ሰዎች ሳይጠሩ፣ ግቡ ሳይባሉ መግባት እኛ ዘንድ ነውር ነው።

ሞረዳ ሳቀብኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ቁልፉ እኮ በእጄ ነው! ማን ግቡ እንዲልሽ ነው?»

«ሴና» አለ ከውስጥ የልጅ ድምፅ። ግቡ ማለት ነው።

የሞረዳ ሳቅ ቆመ። በሩን ከፈተ። ሦስት አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ፎቶግራፍ። ሰው የለም።

«የጎረቤት ልጅ ትሆናለች» ብሎ መስኮቱን ከፈተ። ውጭም ከባሕር ዛፍ በቀር ምንም አልነበረም።

ሁለቱን ትቼ ወደ ወይዘሮ ማዘንጊያ ሮጥኩ። ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ተጣራሽ እንዴ? በስመ አብ! እዚያ ክፍል ማንም ተጣርቶ ገብቶ አያውቅም እኮ፣ እቴ። ሁሉም በቁልፉ ከፍቶ ነው የሚገባው።»

«ማን ናት?»

«ቤቱን የሸጡልኝ ሰዎች ልጅ ሞታባቸው ነው የሄዱት። እስከ ዛሬ ድምፅ አሰምታ አታውቅም። አሁን እንደ ቤቱ ባለቤት ስትጠሪያት ጊዜ መለሰችልሽ።»

ስመለስ ቀለሟ አልጋው ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ከጎኗ ያለው ፍራሽ ጎድጎድ ብሏል።

«አዮ» አለች፣ እናቴ ማለቷ ነው፤ «ቲያትር አይታ አታውቅም አለችኝ። ከእኛ ጋር ትምጣ?»

«አትመጣም!» ብዬ እጇን ይዤ ጎተትኳት።

ሞረዳ ዕቃችንን ተሸክሞ ወደ ገበያው ሆቴል መለሰን። በመንገድ ላይ በአንዲት ቃል እንኳ አላሾፈብኝም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። አግዳሚው ላይ ተጣበን እንደተቀመጥን ቀለሟ ወደ አባቷ ጠጋ ብላ በእኔና በእርሷ መካከል ቦታ ለቀቀች። ቆሞ የነበረ አንድ ሰውዬ ክፍቱን ቦታ አየ።

«እትዬ፣ ጠጋ ቢሉልኝ ልቀመጥ።»

«ሰው አለበት!» አለችው ቀለሟ።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። «ይቅርታ፣ ልጅቷን አላየኋትም» ብሎ ወደ ኋላ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከባዶው ቦታ መንቀል አቃተኝ። ቀለሟ ወደዚያው ዞራ በኦሮምኛ ታንሾካሹካለች፤ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። በመጨረሻ ራሷን ነቀነቀች።

«እሺ» አለች፣ «ሲያልቅ ከአንቺ ጋር እሄዳለሁ።»

ያን ጊዜ ሸርተት ብዬ ቦታው ላይ ራሴ ተቀመጥኩ። ጣውላው ሞቆ ነበር።

«አዮ! ላይዋ ላይ እኮ ተቀመጥሽ!»

ልጄን በሁለት እጄ አቀፍኳት። መጋረጃው ተከፈተ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከሥሬ አንድ ነገር ቀሚሴን በቀስታ ይጎትት ጀመር። አልተነሣሁም።