የየዕለቱ መርዶ

"ዛሬም ነገርካት። አንተ ነግረሃት ወደ ሱቅህ ትሄዳለህ፤ የምታለቅሰው እኔ ላይ ነው" አለች ናዲፋ፣ ሐኪም ፊት መቀመጧን ረስታ።

"ታዲያ ልዋሻት? አቦ ሞቷል። እናትን መዋሸት ሀራም ነው" አለ ታላቅ ወንድሟ ጉሌድ።

በመሃላቸው የተቀመጠችው እናታቸው ፋዱማ የሻሿን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች። የመርሳት በሽታ ከያዛት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ባሏ፣ የልጆቿ አባት አብዱላሂ፣ የት እንደሄደ ትጠይቃለች። ጉሌድ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ያለውን ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ጎራ ይልና እውነቱን ይነግራታል። እሱ ሳይርቅ እሷ አዲስ መበለት ትሆናለች፤ ለኢዳ፣ ለባል ሐዘን፣ ነጭ ልብስ አምጡልኝ ብላ ሐዘን ትቀመጣለች። መርዶውን ማታ ትረሳዋለች። በማግስቱ ጉሌድ ባሏን እንደገና ይገድልባታል። ነጩን ልብስ የምታጥበው፣ የምታለብሳት፣ እንባዋን የምትጠርገው ናዲፋ ናት።

"መዋሸት የለብህም" አለችው ዶክተር እፀገነት። "ስትጠይቅህ ስለሱ አስወራት። ናፍቋት ነው።"

ከዚያ የደም ግፊት መለኪያውን ናዲፋ ክንድ ላይ ጠቀለለች።

"የታመመችው ሆዮ ናት፤ ካርዱም የወጣው በሷ ስም ነው" አለ ጉሌድ ወደ እናቱ እያመለከተ።

"ለናዲፋም ይወጣል።" ዶክተሯ ልኩን አይታ ፊቷ ጠቆረ። "እንቅልፍ የጠገብሽው መቼ ነው?"

ናዲፋ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ እንባ ቀደማት። እስከዛሬ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ዶክተሯ ኪኒን ጻፈችላት፤ ያለ እረፍት ግን ኪኒኑ ብቻውን እንደማያድናት ለጉሌድ አስረዳችው። ከሰዓት በኋላ እሱ ከእናቱ ጋር ይቀመጥ፣ ናዲፋም ከቤት ትውጣ አለች። ፋዱማንና ናዲፋን አንድ ላይ ልታያቸውም ቀጠረቻቸው። ጉሌድ ከሰዓት የበርጫ ጊዜው መሆኑን፣ እናት መጠበቅም የሴት ልጅ ወግ መሆኑን ነገራት።

"እንግዲያው እናትህ ጋ ሆነህ ቃም" አለችው።

በማግስቱ ጫቱንና ሁለት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ገና ትራስ ሳይደገፍ ጓደኞቹ ያወድሱት ጀመር፤ እናቱን እንዲህ የሚጠብቅ ልጅ ጀነት ይገባል አሉ። ውሃ ይዛ የገባችውን ናዲፋን ቀና ብሎ ያያት የለም።

"አብዱላሂ የት ሄደ?" አለች ፋዱማ።

ጉሌድ ወደ እህቱ ዞረ። "አባዮ፣ ምን ልበላት?"

ናዲፋ ጆጉን አስቀመጠች። ወደ በሩ ሄደች።

ጉሌድ ጫቱን ጉንጩ ውስጥ እንደያዘ ወደ እናቱ ዞረ። "ሆዮ፣ መጀመሪያ የት ነበር ያየሽው?"

"ዋሂል ገበያ። ፍየል ኮፍያውን ስትበላበት።"

ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ከዚያስ አሏት።

ናዲፋ ጫማዋን አጠለቀች። ሳቢያን ሰፈር ያለችው ጓደኛዋ ሆዳን አልጋ አንጥፋ ትጠብቃታለች። የእናቷ ቅያሪ ልብስ የት እንዳለ ለጉሌድ ልትነግረው አሰበች፤ ተወችው። ይፈልገው። በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። ውስጥ ያሉት በፍየሏ እየሳቁ ነበር።