ቱራርን ማን ይሸከማል

ቱራር የሞተው በኮርቻው ላይ እንዳለ ነው። በመጸው መግቢያ በጎቹን ከበጋው ግጦሽ ወደ ሸለቆው ሲያወርድ ልቡ ቆመና በግራ ጎኑ ተንሸራቶ ወደቀ፤ አንድ እግሩ ግን ከእርካቡ አልወጣም። ሌላ ፈረስ ቢሆን በርግጎ ድንጋይ ለድንጋይ ባላተመው ነበር። ጥቁር ፈረሱ፣ ጉራቻው፣ ግን ሰው እስኪደርስ ድረስ አንድ እርምጃ ሳይራመድ፣ አንገቱን ወደ ግራ ቆልምሞ ጌታውን ቁልቁል እያየ ቆሞ ጠበቀ።

ይህን ውለታ የማያውቅ ኪርጊዝ በሸለቆው ውስጥ አልነበረም። ቢሆንም ወግ ወግ ነው፤ ባል ሲሞት የፈረሱ ጋማና ጅራት ይቆረጣል፣ በሙት ዓመቱም ፈረሱ ታርዶ ለእንግዳ ይቀርባል፤ ሟቹ በወዲያኛው ዓለም በእግሩ እንዳይኳትን። በእንስሳት ሐኪምነት በኖርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ድግስ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ የቀረበልኝንም ሳላስተርፍ በልቻለሁ። የፈረስ ሥጋ የሚጸየፍ ሰው የዚያን አገር ክረምት ያልከረመ ብቻ ነው።

የቱራር ልጅ ሳልክን ግን የለቅሶው ድንኳን ገና ሳይነሳ አጎቷን ኦሞርን "ጉራቻው አይታረድም" አለቻቸው።

ኦሞር የሟቹ ታላቅ ወንድምና የቤተ ዘመዱ ሽማግሌ ናቸው። ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ።

"አባትሽን በእግሩ ልትሰጂው ነው?"

"ሌላ ፈረስ ይታረድለት።"

"ከማን በረት?"

"ከእኔ።"

"ከበረትሽስ ይሁን። ግን ያ ጉራቻ ከቱራር በቀር ሰው አይቀበልም። የእኔ ጎረምሶች ትናንት ሊሞክሩት ወጥተው ትልቁ ጥርሱን ትቶለት መጣ። ሰው የማይጭን ፈረስ ለማን ይቀለባል?" ትንሽ አሰቡ። "እንግዲህ እንዲህ ይሁን። በሙት ዓመቱ ዕለት በእንግዳ ፊት ተቀምጠሽበት ከመጣሽ የሕያው ፈረስ ነው፤ ይኑር። ካልመጣሽ የወንድሜ ነው።"

ሳልክን ተስማምታ እጃቸውን መታች። በበረቷ የነበሩት ፈረሶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለእርዱ ያሰበችው ገና ያልተገራ ወጣት ሰንጋ ፈረስ፣ ሌላዋ ከልጅነቷ ጀምሮ የተሸከመቻት ዳማ ባዝራ።

እንደ አገሯ ሰው ሁሉ ሳልክን ቆማ ከመሄዷ በፊት በኮርቻ ላይ ተቀምጣለች፤ አባቷ ግን በግልቢያዋ ተደስቶ አያውቅም። ፈረስ ሲገራ አለንጋ የማይነካ ሰው ነበር። በጋጣው ውስጥ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ትንባሆውን ያጨሳል፤ ፈረሱ በራሱ ፈቃድ መጥቶ እስኪያሸተው አይነሳም። "ጠይቂው፣ ከዚያ ዝም በይ" ይላት ነበር። "አንቺ መልሱን አትጠብቂም። እጅሽ ይጮሃል።" እሷም ትስቅበታለች። ዳማዋ ልጓም ባየች ቁጥር ጭንቅላቷን ሽቅብ ትሰቅላለች፤ ሳልክንም "ኩሩ ናት፣ እንደ እኔ" ትል ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ በአባቷ ጉቶ ላይ ተቀመጠች። መንደርተኛው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ነገር ጣል ሳያደርግ አያልፍም።

"ሳልክን፣ እንቁላል ታቀፍሽ እንዴ?"

"አዎ፣ ሲፈለፈል አንዱን ላንተ እሰጥሃለሁ፤ ምናልባት ካንተ የተሻለ ይጋልብ ይሆናል።"

ጉራቻው ብዙ ቆይቶ መጣ። መጀመሪያ ትከሻዋን አሸተተ፣ ቀጥሎም ካፖርቷን፤ የአባቷ ካፖርት ነበር። ኮርቻውንም ተቀበለ። ስትቀመጥበት ግን ጥቂት ይራመድና ምንም ሳይነካው ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ እሷም በአንገቱ ላይ ተወርውራ ትወድቃለች። ከበግ ክትባት ስመለስ ብዙ ጊዜ ልብሷን ስታራግፍ እደርስባት ነበር።

"ዛሬም መሬቱን ለካሽው?"

"ዛሬ በደረቴ ነው የለካሁት፣ ሐኪም። ክፉ ግን አይደለም። ከጣለኝ በኋላ አይሸሽም፤ ቆሞ ያየኛል። እርስዎ ምን ይመስልዎታል?"

እግሩንም ጀርባውንም መርምሬ ምንም አላገኘሁበትም። ምስጢሩን የደረሰችበት ራሷ ናት። አንድ ቀን በእግሯ ስትመራው ደክሟት በግራው እርካብ ላይ ክንዷን ጣል አድርጋ ተደገፈች። ፈረሱ ድርቅ አለ፤ ቆዳው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያም አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ መሬቱን አየ። እጇን ስታነሳ ረጋ አለ፤ መልሳ ስትጫን እንደገና ቁልቁል አየ።

"አባቴን ነው የሚፈልገው" አለችኝ። "ክብደት ወደ ግራ በሄደ ቁጥር ሰው የወደቀ ይመስለዋል። እንዳይጎትተው ነው የሚቆመው።"

ችግሩ ታዲያ የፈረሱ አልነበረም። ሳልክን በየበጋው የፈረስ ወተት ጠላ፣ ኪሚዝ የሚሉትን፣ በትልቅ አቁማዳ ከኮርቻዋ በስተቀኝ አንጠልጥላ ከድንኳን ድንኳን ስታዞር የኖረች ሴት ናት። አቁማዳው ወደ ቀኝ ሲስባት እሷ ወደ ግራ ትጋደላለች፤ ኋላም አቁማዳው ሳይኖር ሰውነቷ መጋደሉን አልተወም። በዚያ ሸለቆ ወተት የምታዞር ሴት ሁሉ አቀማመጧ እንዲሁ ነው፤ አንዲቱም ግን ጠማማ መሆኗን አታውቅም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩና።

አቀማመጧን ለማቃናት ያለ ኮርቻ በዳማዋ ላይ ትለማመድ ጀመር። እኔ ከኋላ ቆሜ "ግራ" እላለሁ፤ ትስተካከላለች። "ግራ፣ ሳልክን።" "ቀጥ አልኩ እኮ!" "ቀጥ ያልሽው በሐሳብሽ ነው።" ወገቧ ሲቃና እጇም ለዘበ፤ በኮርቻ ላይ የሚዋልል ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው ዛብ ጎትቶ ነው፣ የቀና ግን ዛብ አያስፈልገውም።

አንድ ማለዳ ልጓሙን አውልቃ የባዝራዋን አፍ በመዳፏ ስትደግፍ ቆም አለች። በሁለቱም የከንፈር ጥግ ሥጋው ደድሮ ነጭ ጠባሳ ሠርቷል።

"ሐኪም፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ጠባሳውን በጣቴ ዳሰስኩ።

"እኔ ነኝ አይደል? ጭንቅላቷን የምትሰቅለው ኮርታ አይደለም።"

"ልጓም ነው፣ ልጄ።"

"ልጓሙን የሚይዘው እጅ ነው።" የባዝራዋን አንገት አቀፈች። "ከእንግዲህ ታርፋለች። ጉራቻው ለእኔ ይበቃኛል። እሷ ሣሯን ትብላ፣ ምንም አትሸከም።"

በበጋው አጋማሽ ጉራቻው ያለ ልጓም፣ በአንገቱ ባለ ገመድ ብቻ፣ ይሰግርላት ጀመር። ቀና ብላ ስትቀመጥ ይሄዳል፤ እስትንፋሷን ስትለቅ ይቆማል። ከሩቅ ያየሁት ጊዜ ቱራር መስሎኝ ክንዴን አንስቼ ሰላም ልለው ነበር።

ነሐሴ ሲያልቅ ተኩላ ወጣቱን ሰንጋ ፈረስ በላ። ሳልክን አጥንቱን አይታ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር፤ የአጎቷ "ከማን በረት?" የሚለው ጥያቄ ትዝ ብሏት ይመስለኛል። ምትክ ፍለጋ በየዘመዱ ዞረች። የሙት ዓመት ፈረስ ግን ከሟቹ ቤት እንጂ ከሰው በረት በውሰትም በግዢም አይወጣም፤ ሁሉም ኪሚዝ አጠጥተው ሸኟት።

በሙት ዓመቱ ዕለት ነጫጭ የሱፍ ድንኳኖች ተተከሉ፤ እንግዳው ከየሸለቆው ጎረፈ። ሳልክን በጉራቻው ላይ ሆና ከወንዙ በኩል መጣች። ሰዉ ወሬውን አቋረጠ። ከድንኳኑ ውስጥ የሴቶቹ ሙሾ እየተሰማ፣ ፈረሱ ጆሮውን ብቻ እያንቀሳቀሰ በሕዝቡ መሐል አለፈና በኦሞር ፊት ቆመ። ሽማግሌው ዛብ የሌለውን አንገት አዩ፤ ቀጥሎም የወንድማቸውን ልጅ ወገብ አዩ።

"ወንድሜ ተቀምጦ መጣ" አሉ። ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። "የሕያው ፈረስ ነው። ይኑር።"

ሳልክን ወረደች። ኦሞር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ ድስቱ ተጥዷል። ጉራቻውም ዳማዋም ያንቺ ናቸው፤ አሁንም መምረጥ ትችያለሽ። ማንም አይፈርድብሽም።"

ወደ እናቷ ወደ ቡባይሻ ዞረች። "አፓ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?" አለቻት፤ እናትን አፓ ማለት የአገሩ ልማድ ነው።

ቡባይሻ ዓመት ሙሉ ባሏን በበረዶ ውስጥ በእግሩ ሲሄድ በሕልሟ ስታይ የከረመች ሴት ናት። ጉራቻውን ዳሰሰችው፤ ገና በማደግ ላይ ያለውን አጭር ጋማውን በጣቶቿ አበጠረችው።

"ይሄ አንድ ጊዜ ጌታው ሞቶበታል፤ ይበቃዋል" አለች። "ዳማዋ ትሂድ። እሷ ሳታጉረመርም መሸከም ታውቃለች። ቱራርንም ትሸከመዋለች።"

ሳልክን በራስ ላይ የሚጠለቀውን ገመድ፣ ለኮን፣ ብቻ ይዛ ወደ ግጦሹ ስትወርድ ተከተልኳት፤ ብቻዋን ልተዋት አልቻልኩም። ከባዝራዋ ራቅ ብላ ቆመችና ዓይኗን ወደ ሣሩ መለሰች፤ አባቷ እንደሚያደርገው። አልጠራቻትም፤ ክንዷንም አልዘረጋችም። ከድንኳኑ በኩል ሰው ሲጣራ ሰማን፤ አላቻኮልኳትም።

ዳማዋ ቀና ብላ አየቻት። ሣር እያላመጠች ቀስ ብላ መጣች። ሳልክን ለኮውን ከፍ ስታደርግ፣ እንደ ወትሮው ጭንቅላቷን ወደ ሰማይ ትሰቅላለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሰቀለችም። አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ በጠባሳው ከንፈሯ የሳልክንን መዳፍ አሸተተችና ጭንቅላቷን በገዛ ፈቃዷ ወደ ለኮው ውስጥ አስገባች።

"አዩ፣ ሐኪም" አለች ሳልክን። "ዛሬ አልፈራችኝም።"

ገመዱን ሳትስብ መራመድ ጀመረች። ባዝራዋ ከትከሻዋ ሳትርቅ፣ ገመዱ በመሐላቸው ልል እንደሆነ፣ ሽቅብ ወደ ድንኳኖቹ ተከተለቻት።

ያን ዕለት የቀረበልኝን ሥጋ አልበላሁም። ኦሞር ሳህኔን አዩ፤ የእሳቸውም እንደ ሞላ ነበር።