ወደ ግራ የሚወድቁት

እማማ ወስፌን የናቃቸው ሰው ብዛቱ ለጉድ ነው፤ ከሁሉም ግን የመንጃ ፈቃድ ፈታኙ ባሰ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሞተር ሳይክል መፈተኛው ሜዳ በአንድ ሽቦ አጥር ብቻ ተለይተው የሞተር መቀመጫ ሲሰፉ፣ ስንቱ ሲያልፍ ስንቱ ሲወድቅ በዓይናቸው በብረቱ ሲያዩ፣ አንድም ቀን «እማማ፣ እርስዎስ ምን ታዘቡ?» ያላቸው የለም። ፊደል አልቆጠሩማ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዓይንም የሌለው ይመስላቸዋል።

ወስፌ የተባሉት ቆዳ በሚበሱበት ወስፌ ነው ይባላል። ምላሳቸውን የቀመሱት ግን ሌላ ነው የሚሉት። እሳቸው ስሙን አልጠሉትም።

የሰሞኑ ንቀት የመረራቸው በልጅ ልጃቸው በኩል ስለመጣ ነው። ልጅቱን ቀጮ ነው የሚሏት፤ ነፋስ ጠልፎ የሚወስዳት ዓይነት ናት። አንድ ላቦራቶሪ ከየክሊኒኩ የደም ናሙና በሞተር እየሰበሰበ የሚያመጣ ሰው ፈልጎ እሷን መርጧታል፤ መንጃ ፈቃዷን እስከ ወሩ መጨረሻ ካመጣች ሥራው የእሷ ነው። እሷ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለቴም ስምንት ቁጥሩ ላይ ወደቀች። ሦስተኛ ከወደቀች ሥልጠናውን እንደገና ከሀ መጀመር አለባት። እሱ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ላቦራቶሪው ደግሞ ከወሩ መጨረሻ ወዲያ ሦስት ቀንም አይጠብቃት።

ስምንት ቁጥር ማለት በኮን የተከበቡ ሁለት ክቦች ናቸው። ተፈታኙ አንዱን ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ግራ ዞሮ፣ ኮን ሳይገጭ፣ እግሩም መሬት ሳይነካ መውጣት አለበት። እግር መሬት ከነካ ፊሽካ ይነፋል፤ በቃ፣ ወደ ቤትህ ነው።

እማማን የከነከናቸው ነገር አለ፤ ቀጮ በሥልጠና ቀን በአሠልጣኟ ሞተር ስትለማመድ ያንኑ ስምንት እንደ ክር ትጠቀልለዋለች። ደርዘን ጊዜ ስትዞር አይተዋታል፤ አንድ ጊዜም እግሯን አላወረደችም። ማክሰኞና ሐሙስ ፈተና ሲሆንና የመሥሪያ ቤቱ ቀይ ሞተር ላይ ስትወጣ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች።

አሠልጣኙ ፈሪ ናት፣ ፈተና ሲባል ልቧ ይከዳታል አለ። ይህንንም ያለው ለእማማ አልነበረም፤ መቀመጫ ሊያሰፋ መጥቶ በራሳቸው ላይ ለጎረቤታቸው ለመካኒኩ ነው ያወራው።

«ሦስት ወር በአንተ ሞተር ስትዞር ልቧን የት አስቀምጣው ነበር?» አሉት ክራቸውን በጥርሳቸው እየበጠሱ። ሳቅ ብሎ ሄደ።

በሁለተኛው ውድቀት ማግስት ቀጮ ከሱቁ በር ላይ ሄልሜቷን ታቅፋ ተቀምጣ ሞተሩ ወደ ግራ የሚጠራት እንደሚመስላት ተናገረች። ለአሠልጣኙም ነግራው ነበር፤ ሞተር አፍ የለውም ብሎ ቀልዶባታል። እማማ ግን መቀሱን አስቀመጡ።

«እንዴት አድርጎ ነው የሚጠራሽ?»

«እንዴት ልበልሽ፣ እምዬ፤ እኔ ቀጥ ብዬ የተቀመጥኩ ይመስለኛል፣ ግን ሳላዘው ዘመም ይላል። ወደ ቀኝ ስዞር አይከፋም። ወደ ግራ ስዞር ከምፈልገው በላይ ያጋድለኛል።»

ከዚያ ወዲያ ሐሳቡ እንቅልፍ ነሳቸው ማለት ውሸት ይሆናል፤ እንቅልፋቸውን ደህና አድርገው ነው የተኙት። ቀን ቀን ግን ዓይናቸው ከአጥሩ አልተነቀለም። ሁለት ባዶ የወተት ቆርቆሮ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ አስቀመጡ። በፈተና ቀን አንዱ ወደ ግራ ሲዞር ከወደቀ ወይም እግሩን ካወረደ ቀይ የልብስ ቁልፍ በአንዱ ቆርቆሮ፣ በቀኝ ከሆነ ነጭ ቁልፍ በሌላው ይጥላሉ። ምን እያደረጉ እንደሆነ የጠየቃቸውን ደንበኛ ሁሉ «ዝናብ እየቆጠርኩ ነው» እያሉ መለሱት።

ስድስት የፈተና ቀን አለፈ። ቀዩ ሃያ ስድስት ሆነ። ነጩ አምስት።

ሌላም ነገር ታዘቡ። ሆዳቸው ከነዳጅ ታንኩ ላይ የሚያርፍ ሰዎች ተዝናንተው ነው የሚያልፉት። የሚወድቁት ቀጫጭኖቹ ናቸው። ይኼስ ምን የሚሉት ነው? ሞተር ሰው መርጦ ይጠላል እንዴ?

መጀመሪያ የጠረጠሩት መሬቱን ነው። ሰኞ ጠዋት ሜዳው ባዶ ሳለ ጆግ ሙሉ ውኃ ይዘው ገቡና በግራው ክብ ላይ አፈሰሱት። ዘበኛው ከወንበሩ ላይ ሆኖ አስፋልት ላይ ምን ሊበቅልልዎ ነው አላቸው። ለአንተ ልብ ይበቅልልህ እንደሆነ ብዬ ነው አሉት፤ ጎንበስ ብለው ውኃውን ማየታቸውን ግን አላቆሙም። ውኃው ወደየትም አልሄደም፤ እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ባለበት ተኛ። መሬቱ ደልዳላ ነው።

ቀጥለው የቀዩን ሞተር መሪ ጠረጠሩ። ጎረቤታቸው መካኒኩ ግን ባለፈው ሳምንት ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ክር ወጥሮ እንዳስተካከለው ማለላቸው። መካኒኩ የማይዋሽበት ነገር የለም፤ በብረት ጉዳይ ግን ዋሽቶ አያውቅም። መሪውም ደህና ነው ማለት ነው።

መሬት ካልሆነ፣ ብረትም ካልሆነ፣ በብረቱና በሰውየው መካከል ያለው ምንድን ነው?

የቀጮ ሦስተኛ ፈተና ሐሙስ ነበር። በዚያ ዕለት እማማ ከሁሉም ቀድመው ገብተው በሩ አጠገብ የቆመውን ቀይ ሞተር ዞሩት። መዳፋቸውን መቀመጫው ላይ አሳረፉ። ቆዳው እንደ ከበሮ የተወጠረ፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር መቀመጫ ነው። የማን ሥራ ይሆን ብለው ጣታቸውን ከኋላው ጠርዝ ሥር ሰደዱ።

ጣታቸው አወቀው። ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ የተመለሰ ስፌት፣ ከዚያ ድርብ ቋጠሮ። በዚህ አካባቢ እንዲህ አድርጎ የሚቋጥር ሌላ ሰው የለም።

የራሳቸው እጅ ነው።

ያኔ ትዝ አላቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት አሮጌውን መቀመጫ ሲያመጡላቸው ለአንድ መቀመጫ የሚበቃ ሙሉ ስፖንጅ ጠፍቶ ነበር። ለነገ ይድረስ ተብሎ ስለተጣደፉ ለቀኙ አዲስ ጠንካራ ስፖንጅ፣ ለግራው ደግሞ ከተጣለ ፍራሽ የተቆረጠ አድርገው፣ መሐሉን በማስቲሽ አጣበቁት። ቆዳውን ሲወጥሩበት አንድ መሰለ። ከእጄ የወጣ መቀመጫ ሞተሩ ሲያረጅ እሱ ገና ጎረምሳ ነው እያሉ ለመጣው ሁሉ የሚፎክሩት እሳቸው እንዲህ አድርገው ነበር።

ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ሞተሩ ላይ ወጡ። ዘበኛው አፉን ከፍቶ ያያል። ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። የእሳቸው ክብደት ከቀጮ ቢበልጥ በቀሚሱ ነው። ቀስ እያለ፣ ሳያስታውቅ፣ ግራ ጎናቸው ወረደ። ቀጥ ብለው የተቀመጡ ይመስላቸዋል፤ ዓይናቸውን ሲገልጡ ግን ትከሻቸው ዘሟል።

ቀጮ ደረሰች። ከኋላዋ ተራ ጠባቂዎቹ መሰለፍ ጀመሩ። እማማ ከሞተሩ ወርደው ክንዷን ያዟት።

«ስሚኝ፤ ስትወጪ ክብደትሽን ወደ ቀኝ…»

ይህን ብቻ ቢጨርሱት ልጅቱ ታልፋለች፤ የእሳቸውም ስም በክብሩ ይቀመጣል። ግን ዓይናቸው ሰልፉ ላይ ወደቀ። ባለፈው ማክሰኞ የወደቀችው አስተማሪ ምዝገባዋን ልታጣራ መጥታ ቆማለች። ሁለት ጊዜ የወደቀው ከሲታ ፀጉር አስተካካይም አለ። ቆርቆሮው ውስጥ ያሉት ቀይ ቁልፎች እግር አውጥተው የተሰለፉ መሰላቸው።

የልጅቱን ክንድ ለቀቁና በቀጥታ ወደ ፈታኙ ሄዱ። ፈታኙን ባለፊሽካው ነው የሚሉት፤ ሰፊ፣ ግዙፍ ሰው ነው።

ቀዩ ሞተር ሰው እየጣለ ነው አሉት። እሱም ፊሽካውን ከአንገቱ ላይ እያስተካከለ ሞተሩን በየጠዋቱ ራሱ እየነዳ እንደሚፈትሸው፣ አንድም ቀን እንዳልጣለው፣ አሁን ደግሞ ሥራ እንዳለው በትሕትና አስረዳቸው። እማማ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አንተማ ሁለቱንም ስፖንጅ እኩል ትጨፈልቀዋለህ። አንተን የሚጥል መቀመጫ ገና አልተሰፋም።»

ሰልፉ ሳቀ። ባለፊሽካው ግን «የምን ሁለት ስፖንጅ?» አለ።

«ቀኙ ጠንካራ፣ ግራው የረገበ ነው። ቀላል ሰው ሲቀመጥበት በግራ ይሰምጣል።»

«እርስዎ በምን አወቁ? ማን ነው የሰፋው?»

ጣት ውስጥ ተሰብሮ የቀረ መርፌ ሲያወጡት እንዲህ ያማል።

«እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

አሠልጣኙ ከሰልፉ ዳር ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከእጄ የወጣ አይረግብም ይሉን አልነበር፣ እማማ?»

«እል ነበር። ዛሬ አልልም።»

ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይፈቅድላቸው ቡሎኑን በመካኒኩ መፍቻ አስፈቱ፤ መቀመጫውን መሬት ላይ ገልብጠው ቆዳውን በመቀስ ቀደዱት። ባለፊሽካውን በአውራ ጣትህ ተጫነው አሉት። ቀኙን ሲጫነው ተመልሶ ተነሳ። ግራውን ሲጫነው የጣቱ ጉድጓድ እንደ ሊጥ ባለበት ቀረ። ሰውየው ደጋግሞ ተጫነው፤ መጨረሻ ላይ ሰዓቱን አየና አንድ ሰዓት ሰጣቸው።

ሱቃቸው ውስጥ ሙሉ ስፖንጅ ቆረጡ። ቀጮ የቆዳውን ጫፍ ወጥራ ያዘችላቸው። የስፌት መኪናዋ ትርገበገባለች።

«ለእኔ ብቻ ልትነግሪኝ ነበር፣ አይደል እምዬ?»

«ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነው የተመለሰው።»

«ብትነግሪኝ አልፍ ነበር።»

«አሁንስ ማን ከለከለሽ? ወጥረሽ ያዢ።»

ልጅቱ የመጀመሪያዋ ተፈታኝ ሆነች። እማማ አጥሩን ይዘው የሚያዩት ኮኖቹን አልነበረም፤ ትከሻዋን ነበር። ቀጮ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አድርጋ ወደ ቀኙ ክብ ገባች፣ ዞረች፣ ወጣች። ወደ ግራው ገባች። እዚህ ላይ ነው ሁልጊዜ። ሞተሩ ዘመም አለ፣ ልጅቱም አብራው ዘመም አለች፤ ከሞተሩ አልቀደመችም፣ ወደ ኋላም አልቀረች። ኮኖቹ አንድ በአንድ ከኋላዋ ቀሩ። ፊሽካ አልተነፋም። ተነፍቶ እሳቸው ሳይሰሙት ቀርተው እንደሆነ ባለፊሽካውን ዞረው አዩት፤ ፊሽካው ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

አለፈች። ሄልሜቷን አውልቃ በአጥሩ ቀዳዳ ጣቶቿን አሾልካ የአያቷን እጅ ያዘች። ነገ ጠዋት ላቦራቶሪው ትሄዳለች። አሠልጣኙም መጥቶ እንኳን ደስ አለዎት አለ። ከሱ በኋላ አስተማሪዋም ሰዎቹም እየተጠጉ ምን ምን እንዳዩ ጠየቋቸው፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ያልጠየቀ ሁሉ ዛሬ ጠያቂ ሆነ። እማማ ግን ቀይ ቁልፍ ያለበትን ቆርቆሯቸውን አንስተው በበሩ ዞረው ገቡና ባለፊሽካው ጠረጴዛ ላይ፣ መዝገቡ አጠገብ አስቀመጡት።

አንዱ ቁልፍ በግራ የወደቀ አንድ ሰው ነው አሉት። ሰውየው ቀይ ቁልፎቹን አየ። ከእንግዲህ የሚፈተኑት በደህናው መቀመጫ እንደሚፈተኑ፣ የወደቁት ግን አንዴ እንደ ወደቁ ተመዝግበው እንዳለቁ፣ የተዘጋ መዝገብ መክፈት ከባድ እንደሆነ ነገራቸው። ድምፁ ክፉ አልነበረም። የሰለቸው ድምፅ ነበር።

እማማ ወስፌ ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«የኔ ጥፋት መቀመጫው ነው፤ አስተካክያለሁ። ያንተ ጥፋት ደግሞ እዚህ ወረቀት ውስጥ ነው። ቆርቆሮዬ የያዘው የሦስት ሳምንቱን ነው፤ የሁለት ዓመቱ፣ ማን በየትኛው ክብ እንደወደቀ፣ መዝገብህ ላይ አለ። በግራ የወደቁትን ሁሉ መልሰህ ጥራቸውና እንደገና ሠልጥኑ ሳትላቸው ፈትናቸው። አሁን ግለጠው፤ እኔ ማንበብ አልችልም፣ ጮክ ብለህ አንብብልኝ። ስም በጠራህ ቁጥር አንድ ቀይ ቁልፍ አወጣለሁ፤ ቁልፉ ሲያልቅብኝ ሱቅ ሄጄ ሌላ አመጣለሁ።»