ቁንጭር ያስቀረው

የሰባታሚት መንደሯ ሸዋዬ፣ ቢያዝን የሚባለው ዲያቆን ልጇ ጉንጩ ላይ ቁንጭር የሚሉት ቁስል ሲወጣበት የሌሊት ወፍ ነው የነካው ብላ እሬት ቀባችው፤ ጠበልም ወሰደችው። አልሆን ሲላት ባሕር ዳር ጤና ጣቢያ ይዛው ወረደች። ቁስል አካሚው ድሬሰር የሌሊት ወፍም እርግማንም አይደለም፣ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ትንሽ ትንኝ ነች የነደፈችው፣ በመርፌ ይድናል፣ ችላ ካላችሁት ግን አፍንጫና ላንቃው ውስጥ ይገባል አላት።

መርፌውን ልታስጀምረው ቆርጣ ተመለሰች። በዚያው ሰሞን ግን ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይመለምል ጀመር። ክንዱ የሚባለው የጎረቤቷ የውዴ ልጅ ተወሰደ። ቢያዝንም ተጠራ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አዘዘ ፊቱን ባየ ጊዜ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

«ይኸን ቆማጣ ማን አምጡ አላችሁ?» አለና አባረረው።

ሸዋዬ፣ ቁምጥና አይደለም ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። ልጇን ያተረፈላት የበሽታው ስም መሳሳት ነው።

ከዚያ ወዲያ መርፌ የሚባል ነገር አላነሳችም። ምልመላው እየቆየ ይመጣል። ቁስሉ ሊጠግግ ሲል ቅርፊቱን በሞቀ ውኃ አርሳ ትልጥበታለች።

«እማ፣ ተቃጠልሁ። እንደ ክንዱ ልሂድ» ይላታል።

«ዝም በል። ቁስል እንደ ጥይት አይደለም» ትለዋለች።

ዓመት አልፎ አፍንጫው መድማት ሲጀምር ደንግጣ ይዛው ሮጠች። መርፌው ከመጋዘን አልቋል ተባለች። ተገኝቶ ሲወጋ ቁስሉ ዳነ፤ የአፍንጫው ድልድይ ግን ወርዶ፣ ላንቃውም ተበልቶ ነበር። ቅዳሴ ላይ ሰው ቆሞ የሚያደምጠው ያ ድምፁ በተበላው አፍንጫ እየሾለከ፣ የሚናገረውን ከእናቱ በቀር የሚለይለት ጠፋ። ከመቅደስም ቀረ።

የክንዱ መርዶ የመጣ ዕለት ልብሱ በውዴ ግቢ ተዘርግቶ ተለቀሰ። ውዴ ሸዋዬን አንገቷን አቅፋ፣ «አንቺስ አወቅሽበት። የልጅሽን ነፍስ ይዘሽ ቀረሽ» አለቻት።

ቢያዝን ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ከልብሱ ፊት ቆመ። ወደ እናቱ ሳይዞር ተናገረ።

«ለክንዱ ከነመልኩ ነው የሚያለቅሱለት። ምነው ያኔ እኔንም በሰጠሽኝ።»

ውዴ እንባዋን ጠረገች። «ምን አለ የኔ ልጅ?»

ለቀስተኛው ሁሉ ሸዋዬን አያት።

«ነፍስ ይማር ነው የሚል» አለች።