እርሳስ የጠጣ ልጣጭ

ልጅቷ አምስተኛውን ጥቅል ጎመን ከነሥሩ ስትመነግል አክስቷ ከጓዳ በር ላይ ጮኹ።

"አንቺ ልጅ፣ አበድሽ እንዴ? ነገ ገበያ የሚወጣ ጎመን እኮ ነው!"

"አይወጣም፣ እትዬ።"

"ማን ከልክሎት?"

"ያሰርኩትን የልጣጭ ጆንያ ማን ፈታው?"

አክስቷ መደቡ ላይ የተበተነውን ጥቁር ልጣጭ አዩ። "እኔ ነኛ! ታስሮ ሲበሰብስ ዝም ብዬ ልየው? ልጣጭ ለአፈር ምን ይከፋዋል?"

ልጅቷ ከልጣጩ ጥቂት በጓንቷ ዘግና አየችው። ጭማቂ ቤት ነው የምትሠራው፤ የሙዝና የብርቱካን ልጣጭ እየለቀመች ጣራ ላይ ስታሰጣ ሠፈሩ "ልጣጬ" እያለ ስቆባታል። ከበላያቸው ያለው አሮጌ ባትሪ አቅላጭ ፋብሪካ መርዛማውን የእርሳስ ብረት ወደ ጉድጓድ ውኃቸው ሲያሰርግ ግን ከሳቂዎቹ አንድም ቀና ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እሷ ከስልኳ ላይ አነበበች። ያልገባትን አሥር ጊዜ ደገመች። ልጣጩን አድርቃ፣ ወቅጣ፣ በርሜል ውስጥ ጠቀጠቀችው። ውኃው በዚያ ሲያልፍ እርሳሱ ልጣጩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ውኃው መጥራቱን የሚመሰክረው የላቦራቶሪ ወረቀት ከመጣ ወዲህ የሚስቅ ጠፋ።

"ውኃው ሲጠራ መርዙ የት የሄደ መሰለዎት? እዚሁ ልጣጭ ላይ ነው ያለው። እርስዎ ደግሞ ለጎመን አበሉት።"

"ታዲያ አፍሽ የት ነበር? ለባለ ክራባቱ ሁሉ ስትለፈልፊ ከርመሽ!"

ይህኛው አጥንቷ ድረስ ገባ። ለጎብኚ ባለሙያዎች፣ "እርሳስ የጠገበ ልጣጭ ከአፈር ይራቅ" እያለች አንድ ሰዓት አስረድታለች። በየሳምንቱ ልጣጩን በጀርባቸው ለሚያመጡላት አክስቷ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ምን ይገባቸዋል ብላ ነው። ራሷን በጥፊ ማለት አማራት።

በዚህ መሀል የፋብሪካው ፒክአፕ አጥሩ ጥግ ቆመ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ካሜራ አንግቶ፣ ጥርሱን ገልጦ ገባ።

"እህቴ! ፋብሪካችን የሠፈሩን ውኃ እንዴት እንዳጠራ የሚያሳይ መጽሔት እያዘጋጀን ነው።"

"ማን ያጠራውን?"

"ያው… በትብብር።"

"ገባኝ። እናንተ ትመርዛላችሁ፣ እኔ እለቅማለሁ። ትብብር ማለት ይሄ ነው።"

"ነገር አታክርሪ፣ እህቴ። እስቲ ያንን ያማረ ጎመን ይዘሽ በርሜሉ አጠገብ ቁሚልኝ።"

ልጅቷ ከተነቀሉት ትልቁን አንስታ ዘረጋችለት። "ለልጆችዎ ይውሰዱት።"

"አቤት፣ ደስ ይለኛል!" እጁን ሰነዘረ።

"ከበርሜሉ በወጣው ልጣጭ ላይ ነው የበቀለው።"

የተሰነዘረው እጅ አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ኪሱ ገባ። ያወቀ ሰው እጅ ነበር። አክስቷ አዩት።

"ምነው?" አሉ።

"አይ፣ እናቴ… ጎመን አይስማማኝም።"

"እኛንስ የተስማማን መስሎህ ነው?"

ልጅቷ ጎመኑንም፣ የተበተነውን ልጣጭም፣ ሥሩ ያለውን አፈርም እየዛቀች ጆንያው ውስጥ ከተተች። ወደ ፒክአፑ ስትጎትተው ሰውየው ዘልሎ ፊቷ ተገተረ።

"ኧረ መኪናው የመሥሪያ ቤት ነው!"

"ዕቃውም የመሥሪያ ቤቱ ነው።"

ሞተሩን አስነሥቶ አቧራውን አልብሷቸው ሄደ። ልጅቷ ዳገቱን በዓይኗ ለካችው። የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ከዚህ ይታያል፤ በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ጆንያውን ለባለቤቱ ልትመልስ ነው፤ ዛሬ ጭማቂ ቤት አትገባም።

አክስቷ የጆንያውን አንድ ጫፍ ሊያነሡ ጎንበስ አሉ።

"ቆይ፣ እትዬ፣ በባዶ እጅዎ አይንኩት።" ከጓንቶቿ አንዱን አውልቃ ሰጠቻቸው። "ለምን እንደሆነ እየሄድን እነግርዎታለሁ። ያልገባዎት ካለ ያስቁሙኝ።"