የገብረ መድህን አባት

ሽማግሌዎቹ እሁድ ይመጣሉ። አሰፋች ከረቡዕ ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም።

የጢቾው መምህር ልጇን አባይነሽን ሲጠይቅ ደስ ብሏት ነበር። ጣጣው የመጣው የልጁ አባት የዘር ቆጠራቸውን በሰው ልከው ያሰሙ ዕለት ነው። ቅድመ አያታቸው ጉልላት የሚባሉ የመንዝ ሰው ኖረዋል። ከጉልላት ልጆች አንዱ አርሲን ከያዘው ጦር ጋር ዘምቶ ጢቾ መሬት አገኘ፤ ሌላው፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ አሰላ ቀረ። የወልደ ጊዮርጊስ ልጅ ገብረ መድህን፣ የገብረ መድህን ልጅ ደግሞ የአሰፋች ባል፣ ሀብተ ማርያም። እንግዲህ ልጆቹ አራተኛው ቤት ላይ ሊገናኙ ነው፤ ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም።

ሀብተ ማርያም ካረፈ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። የዘሩን ነገር አጣርቶ የሚያውቀው እሱ ነበር፤ እሷ አንድም ቀን አልጠየቀችውም።

«እማዬ፣ ምነው ዝም አልሽ?» አለች አባይነሽ።

«ራሴን አሞኛል።»

ሌሊቱን ስትገላበጥ አንዲት ሴት ትዝ አለቻት፦ የሳጉሬዋ እህል ነጋዴ ፋጡ። በሀብተ ማርያም ለቅሶ ላይ ፊቷን የነጨችው ለደንበኛ በሚለቀስ ልክ አልነበረም። አሰፋች ያኔ ታዝባ ዝም ብላለች።

ዓርብ ጠዋት በጭነት መኪና ሳጉሬ ወረደች። ፋጡ ገብስ ስታበጥር አገኘቻትና ጉዳዩን ነገረቻት።

«አዴ ፋጡ፣ እርስዎ የሚያውቁት ነገር ካለ…»

ፋጡ ሰፌዱን አስቀመጠች። «ሀብቴ አልነገረሽም? በየገበያው የሚመጣው ለገብስ ይመስልሻል? የገብሱን ዋጋ እንኳ በወጉ መከራከር አይችልም ነበር!»

«ለምን ነበር ታዲያ?»

«እኔን ሊያይ። የአጎቴ ልጅ ነው። አባቱን ቱሳ ነበር የምንለው። በጦርነቱ ጊዜ ሜዳ ላይ የተገኘ ሕፃን ነው፤ ወልደ ጊዮርጊስ አነሳው፣ ክርስትና አስነሳው፣ ገብረ መድህን አለው። አሳዳጊው እንጂ ወላጁ አይደለም። ቤተሰቦቻችን ኋላ ፈልገው አገኙት። የቱሳ አባት ዲሪባ ነው። ዲሪባ የእኔም አያት ነው።»

አሰፋች ወንበር ፈለገች። የልጇ ሠርግ ተረፈ። ግን ሀያ ሁለት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ይህን ያህል ነገር ከእሷ ደብቆ ሄዷል፤ ደብቆ የሄደውን አደባባይ ልታወጣ ነው። ሽማግሌዎቹስ ምን ይላሉ? የመንዝ ዘር ብለው መጥተው የአርሲ ዘር ሲባሉ ቢነሱስ?

«እሁድ ይመጡልኛል?» አለች።

«እናንተ ሰባት ትቆጥራላችሁ፣ እኛ እስኪደክመን እንቆጥራለን» ብላ ፋጡ ሳቀች። «እመጣለሁ። ጠላ እንዳታቀርቢልኝ ብቻ!»

እሁድ ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ተቀመጡ። ቆጠራው ሳያልቅ የሚቀምስ የለምና ጠላው በየፊታቸው አረፋው እየጠፋ ቆመ። ቆጣሪው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባይነሽ፣ ሀብተ ማርያም፣ ገብረ መድህን፣ ወልደ ጊዮርጊስ…»

«አይደለም» አለች አሰፋች ከበሩ አጠገብ። ድምፅዋ እንደማይወጣ ፈርታ ነበር፤ ወጣ። «ወልደ ጊዮርጊስ አሳዳጊው ናቸው። የገብረ መድህን አባት ዲሪባ ይባላል፤ የአርሲ ሰው ነው። የዲሪባ የልጅ ልጅ እዚህ አለች፣ ትቁጠር።»

የልጁ አባት ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። አሰፋች የሚነሱ መሰላት። ፋጡ ግን ማንንም ሳታይ ከዲሪባ ጀምራ ወደ ላይ ወጣች፤ ሰባተኛው ላይ ቆጣሪው እጁን ቢያነሳም አላቆመችም።

«ይበቃል፣ ኧረ ይበቃል እቴ!» አለ አንዱ።

ሁሉም ወደ ልጁ አባት ዞሩ። እሳቸው ግን አሰፋችን ተመለከቱ።

«ባልሽ ይህን ያውቅ ነበር?» አሉ።

«ያውቅ ነበር።»

«ለአንቺስ ነግሮሽ ነበር?»

አሰፋች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

ሰውዬው ፊታቸው ወዳለው ብርጭቆ እጃቸውን ዘረጉና ተጎነጩ። «የጠላው አረፋ ጠፍቷል» አሉ። «ሌላ ይቀዳ።»

አሰፋች ጋኑ ወዳለበት ጓዳ ገባች። አባይነሽ በሩ ጀርባ ቆማ እያለቀሰች ነበር። እናትየዋ ማሰሮውን ሰጠቻትና «አንቺ ቅጂላቸው» አለቻት፤ እሷ እዚያው ጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆየች።