ትልቁ ፕላቶ

አስቀድሜ ልናገር፤ ሞኝ አይደለሁም። ይህን የምለው ሰፈሩ ሰሞኑን እንደ ሞኝ ስለሚያየኝ ነው። ስሜ ሰብስቤ ይባላል። በወደብ ከተማችን፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሳይክል ስጠግን ኖሬአለሁ። አያቴ በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። በሶማልኛ እጣላለሁ፣ በአፋርኛ እከራከራለሁ፣ በአረብኛ እግባባለሁ። ፈረንሳይኛዬ ግን የዕቃ ስም ብቻ ነው። የተማርኩት የኢትዮጵያውያን ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ በአማርኛ ነው፤ እሱንም ቶሎ ትቼ ሥራ ገባሁ። የፈረንሳይኛ ስም አውቃለሁ፣ ግስ አላውቅም። ለሥራዬ ደግሞ ስም ይበቃኝ ነበር።

ለምሳሌ ፕላቶ። ፕላቶ ማለት ከፔዳሉ ጋር የሚዞረው፣ ካቴናው የሚጠመጠምበት ባለጥርስ ክብ ብረት ነው። የተራራ ሳይክል ከፊት ሦስት ፕላቶ አለው። ትንሹ ለዳገት፣ መካከለኛው ለሁሉም፣ ትልቁ ለሜዳ። አስፋልት ላይ ሰውን የሚያስበርረው ትልቁ ነው። አሳል ሐይቅ አካባቢ ባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ግን ጣጣ ነው፤ ወደ መሬት የቀረበው እሱ ስለሆነ ድንጋዩ ጥርሱን ያረግፈዋል። ስንቱን ቱሪስት ጥርሱ የረገፈ ሳይክል እያስጎተተ አምጥቶልኛል!

መላውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ወፍራም የፕላስቲክ መክተፊያ እገዛለሁ፤ በመጋዝ ክብ አድርጌ እቆርጠዋለሁ፤ በሞረድ አለሰልሰዋለሁ፤ ትልቁን ፕላቶ አውልቄ በቦታው በአራት ብሎን አስረዋለሁ። ድንጋይ ሲነካው ይንሸራተታል እንጂ አይሰበርም። ስሙንም «ጋርድ» አልኩት። የመጀመሪያውን የቆረጥኩት ከባለቤቴ ከአሰፋሽ መክተፊያ ላይ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልማረችኝም። ከዚያ በኋላ ግን «የሰብስቤ ጋርድ» የሚል ሰው ሁሉ መጣ። ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ኮራሁ።

አሁን ወደ ኢዛና ልምጣ። ኢዛና አበልጄ ነው። ልጁን አልአዛርን በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በስም ተጠራርተን አናውቅም፤ እሱም «አበልጄ» ይለኛል፣ እኔም «አበልጄ» እለዋለሁ። እሱ ሊሴ የተማረ ነው፤ ፈረንሳይኛን እንደ ውሃ ይጠጣዋል። የመጣልኝን ደብዳቤ ሁሉ የሚያነብልኝ፣ ቢሮ ስሄድ አብሮኝ ገብቶ የሚያስረዳልኝ እሱ ነው። እኔ ደግሞ ሳይክል አስተማርኩት። ዓርብ ዓርብ ማለዳ አብረን እንነዳለን። አንድም ቀን «ምን ብለህ ነው የተረጎምክልኝ?» ብዬው አላውቅም። ሰው አበልጁን እንዴት እንዲህ ይጠይቃል?

ሂንድ የምትባል ሴት አለች፤ ቱሪስት በሳይክል የሚያዞር አንድ ድርጅት ውስጥ ኃላፊ ናት። የድርጅቱን ሳይክሎች የምጠግነው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር መጥታ ከጎናችን ራህመት ቀዝቃዛ ውሃ ከምትሸጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጠችና አንድ መሪ ሊቀጠር እንደሆነ በሶማልኛ ነገረችኝ። ከቱሪስቶቹ ጋር እየነዳ አሳል፣ አርታ፣ ሌላም ቦታ የሚያደርሳቸው ሰው ማለት ነው። ያሰበችው እኔንና ኢዛናን ነው። በሳይክል ፈትና ከሁለት አንዳችንን ልትወስድ ነው።

ይህ ሥራ ለእኔ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሰው የሚሄድበትን ሳይክል አበጅቼ እልካለሁ፣ እኔ እዚያው ቆርቆሮ ሥር እቀራለሁ። አሳልን የማውቀው በሰው ጎማ ላይ ተጣብቆ በሚመጣው ጨው ነው። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ገና አለ፤ ግን ነገ የለም። አሰፋሽ እንኳ፣ የማትሳሳልኝ ሴትዮ፣ «ይኼ ካለፈህ ሌላ አይመጣም» ብላኝ ቁርሴን በጊዜ ታቀርብልኝ ጀመር። ያንን ሥራ የፈለግኩትን ያህል ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም።

ፈተናው የት እንደሚሆን ሂንድ አልወሰነችም ነበር። ድንጋይ ላይ ከሆነ ጋርድ ላስር፣ ሜዳ ላይ ከሆነ ትልቁን ፕላቶ ልተወው፣ ሁለቱንም አዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። ሐሙስ ከሰዓት ኢዛና እኔ ጋ ተቀምጦ ሳለ፣ ለሁለታችን በከፈተችው የዋትሳፕ ግሩፕ ቮይስ ላከች። ፊት ለፊት ስታገኘኝ ሶማልኛ ነው የምታወራኝ፤ ቢሮ ስትሆን ግን ፈረንሳይኛ ይቀናታል። ከፈትኩት። ጥድፍ ጥድፍ ብላ ታወራለች። እኔ የያዝኩት ይህን ነው፦ «ጋርዴ»፣ «ግራን ፕላቶ»፣ «ሰብስቤ»፣ «አርባ አምስት ደቂቃ»፣ «ስድስት ሰዓት»፣ «ስታሲዮን»።

እንግዲህ ፍረዱኝ። «ጋርድ» ሰማሁ። «ትልቁ ፕላቶ» ሰማሁ። ስሜን ሰማሁ። ድንጋያማው አርታ ደግሞ ከዚህ በመኪና አርባ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። በፈረንጅ ስድስት ሰዓት ማለት በእኛ ማለዳ አሥራ ሁለት ነው፤ ስታሲዮን ማደያው ነው። ሁሉም ነገር እንደ ብሎንና ዳዶ ገጠመልኝ። ስለ እኔ ጋርድ ነው የምታወራው!

«አበልጄ» አልኩት፣ «በትልቁ ፕላቶ ቦታ ጋርድ ይሁን እያለች ነው አይደል? የሰብስቤን ጋርድ? በመኪና ወደ አርታ ልትወስደን ነው?»

ኢዛና ስልኬን ተቀብሎ ቮይሱን ጆሮው ላይ አድርጎ እንደገና ሰማው። ከዚያ መሬት መሬት እያየ «አዎ» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም በልቤ አመሰገንኩት።

ጋርዱን አብረን አሰርነው። እኔ ትልቁን ፕላቶ ሳወልቅ ፔዳሉን የያዘልኝ እሱ ነው። አራቱን ብሎን አንድ በአንድ ያቀበለኝ እሱ ነው። ካቴናው ጋርዱ ላይ እንዳይወጣ ማርሹን ስገድበው፣ ጎማውን አንስቶ ያዞረልኝ እሱ ነው። «ያንተንም አምጣው ልሰርልህ» ብለው፣ «እኔ ቤት እሠራዋለሁ፣ አንተ ዕረፍ» አለኝ። ዕረፍ አለኝ እኮ!

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ካርቲየ 4 ዳር ያለው ማደያ ደረስኩ። ኢዛና ቀድሞኛል። ሳይክሉን አየሁት፤ ትልቁ ፕላቶ በቦታው ነው።

«ጋርድህስ?»

«ጊዜ አጣሁ» አለ።

እንዴት እንዳዘንኩለት አትጠይቁኝ። ድንጋዩ ጥርሱን ሊያረግፍበት ነው ብዬ፣ አብሬው ተጨንቄ፣ የምንጫንበትን መኪና ዓይኔ ይፈልግ ነበር።

ሂንድ መጣች። ከትንሿ የቤት መኪናዋ በቀር ሌላ መኪና የለም። ስልኳን አውጥታ ሰዓት መያዣውን ከፈተችና በሶማልኛ «ናጋድ ባቡር ጣቢያ ደርሳችሁ እዚሁ ትመለሳላችሁ። እንግዶቹ ከባቡር ሲወርዱ በአስፋልት ነው የሚነዱት፤ መሪው ከኋላ ሊቀር አይችልም» አለች። ከዚያ «ሂዱ» አለች።

ሱቄ ሩቅ አይደለም፤ ግን ፕላቶ ለመቀየር ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ሄድኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ስንሄድ ነፋሱ ከፊት ስለነበር ኢዛና ብዙም አልራቀኝም። ስንመለስ ነፋሱ ከኋላችን ሆነ። ትልቅ ፕላቶ ያለው ሰው የሚበርበት ሰዓት ይህ ነው። እኔ ግን መካከለኛው ላይ ቀርቼ እግሬ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይሽከረከራል፣ ሳይክሉ አይጨምርም። ጉልበቴ ሞልቶ ተርፏል፤ የሚይዝልኝ ጥርስ ነው ያጣሁት። የኢዛና ጀርባ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ከከባድ መኪኖቹ መሃል ጠፋ። አንድም ጊዜ ዞር ብሎ አላየኝም።

ስደርስ ሂንድ ስልኳን አየችና «አርባ ሰባት» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ነጩን ጋርዴን አየችው።

«ሰብስቤ፣ ይኼ ምንድን ነው? ትልቁን ፕላቶ እንዳታወልቁ ብዬ አልነበር?»

ወደ ኢዛና ዞርኩ። ውሃ እየጠጣ ነበር፤ ያቺን የፕላስቲክ ጠርሙስ ከአፉ ሳያወርድ ብዙ ቆየ። ሂንድ ወደ መኪናዋ እስክትሄድ ጠብቄ «አዎ አልከኝ እኮ» አልኩት።

«አንተ ነህ ጋርድ ያልከው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ምንም አልተረጎምኩልህም።»

እውነቱን ነው፤ አልተረጎመልኝም። ይህ ነው ያቃጠለኝ። ቢዋሸኝ ውሸታም ብዬ እሰድበው ነበር። የገዛ ኩራቴን አቀብዬው፣ በገዛ ኩራቴ መታኝ። ያስተማርኩት እጅ ብሎን እያቀበለ ጉድጓዴን ማሰ። ሳይክሌን እየገፋሁ ወደ ቤት ሄድኩ። አሰፋሽ ፊቴን አይታ ቁርስ አቀረበች፤ እኔም አልበላሁም።

ከዚያ ወዲህ ያንን ቮይስ ለመክፈት እጄ እምቢ አለኝ። ያው ሽንፈቴ ነው፣ ምን ልሰማ ብዬ ተውኩት። ጋርዱንም ከሳይክሌ ላይ አላወለቅኩትም፤ ሳይክሉን ግድግዳ አስደግፌ ተውኩት።

በዘጠኝ ቀኑ ኢዛና መጣ። የድርጅቱን ስም የጻፉበት አዲስ ከናቴራ ለብሷል። ሳይክሉን እየገፋ ነው፤ ትልቁ ፕላቶ ሦስት ጥርሱ ረግፏል፣ አንዱም ተጣሟል። የመጀመሪያው ጉዞ አሳል ነበር።

«አበልጄ» አለ፣ ራህመት እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ እንደገና አሳል ነው። ጋርድ እሰርልኝ። ልጅ አለብኝ እኮ፣ አንተ ታውቃለህ።»

«ልጁን አውቀዋለሁ» አልኩት። «ያቀፍኩት እኔ ነኝ።»

ስልኬን አወጣሁና ቮይሱን ከፍቼ በመካከላችን የመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የሂንድ ድምፅ ጥድፍ ጥድፍ እያለ ወጣ። ሲያልቅ «ጋርድ ከፈለግክ ተርጉምልኝ» አልኩት። «አንዲት ቃል እንዳትዘል።»

«ምን ያደርግልሃል አሁን?»

«ተርጉም። ወይስ ራህመትን ልጥራት? ፈረንሳይኛ ትችላለች።»

ላቡን ጠረገ። «መንገዱ በሙሉ ሜዳ ነው» አለ። «ስለዚህ ትልቁን ፕላቶ እንዳለ አቆዩት።»

«ጋርዱስ የታለ?»

«ጋርድ የለም። ‹ጋርዴ› ግስ ነው። ያዙት፣ አቆዩት ማለት ነው።»

«ቀጥል። ስሜ አለበት።»

ስልኩን ሊያጠፋው እጁን ሰደደ። ራህመት ከበርጩማዋ ላይ ቀና ብላ አየችን። ስልኩን አንስቼ ከስሜ ጀምሬ እንደገና አሰማሁት። «ሰብስቤ» ትላለች ሂንድ፣ ከዚያ አርባ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ሌላ ነገር።

«ሰብስቤ . . .» አለ ኢዛና፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ሰብስቤ ጥገናም ስለሚችል የምንመርጠው እሱን ነው። በአርባ አምስት ደቂቃ ከገባ ቦታው የሱ ነው። ካልገባ ግን . . . ለኢዛና።»

እኔ ተሸቀዳድሜ የተሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ውድድርም አልነበረም። ሥራው የእኔ ነበር፤ ስሜ ተጠርቶ፣ ገና ሐሙስ ከሰዓት፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተሰጥቶኝ ነበር። ይህንን በጆሮው ሰምቶ፣ ሁለተኛም ደግሞ ሰምቶ ነው «አዎ» ያለኝ። በሁለት ደቂቃ ነው የቀረሁት። ሁለት ደቂቃ!

ልደበድበው ነበር። ግን ቁልፉን አነሳሁና ወደ ራሴ ሳይክል ሄድኩ። አራቱን ብሎን አንድ በአንድ ፈታሁ። ጋርዱን አወለቅኩና ብሎኖቹን እላዩ ላይ ደርድሬ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

«እሰርልኝ እንጂ፣ አበልጄ» አለ።

«ኢዛና» አልኩት።

ስድስት ዓመት ሙሉ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። እሱም ሰማው፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«በኋላስ ልመልሰው?» አለ፣ ጋርዱን በሁለት እጁ ይዞ።

አሁን ግሱን አውቄዋለሁ። «ጋርዴ» አልኩትና ጀርባዬን ሰጥቼው የራሴን ትልቅ ፕላቶ ማሰር ጀመርኩ።